ሦስት ከሃያ የተባለው ቀጠሮ

ታላቅ ወንድሜን በመሥሪያ ቤቱ "መብረቅ" ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኖ በሚሠራበት የዓይን ሆስፒታል ያሉ የካርድ ክፍል ሴቶች ናቸው። አንድ ፕሮግራም እምቢ ብሏቸው ሲደውሉለት፣ ስልኩን ገና ሳያስቀምጡ አስተካክሎ ይጨርሳል። እኔ ጋሼ ነው የምለው። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ካረፈ ወዲህ እሱ፣ እኔና እማዬ በአንድ ቤት ነው የምንኖረው። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እሱ ከነገረኝ አያልፍም።

ጋሼ ችኩል ነው። ልጅ ሆነን እማዬ "ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" ስትለው፣ "ቀንዱንስ ቢሆን ያልቸኮለ መቼ ያገኘዋል?" ብሎ ያስቃት ነበር። መጥፎ ሰው አይደለም። ሥራውን ይወዳል፤ ከሥራውም አብልጦ "ጨረስኩ" ማለትን ይወዳል።

ሆስፒታሉ ውስጥ እሱን እንደ ልጃቸው የሚያዩት አንዲት ሴት ነበሩ። ሁሉም "እትዬ" ይላቸዋል። የቀጠሮ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ በዚያው ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። ሥራቸው ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡትን በሽተኞች አንድ ቀን ቀደም ብሎ እየደወሉ ሰዓታቸውን መንገር ነው። ነግረው ዝም አይሉም፤ "በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት? እስቲ ይድገሙልኝ" ብለው በሽተኛው ራሱ ሳይናገር ስልኩን አይዘጉም። ድሮ ሁሉንም በደብተር ይዘው ነበር። ኮምፒውተር ሲገባ ፈርተው ጡረታ ልጠይቅ ብለው ነበር። ጋሼ ሁለት ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጦ አስተማራቸው። ከዚያ በኋላ "ልጄ" እንጂ በሌላ ጠርተውት አያውቁም።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ክፍል መዛወር ነው። የቀዶ ሕክምና መቀበያው ከአንደኛ ፎቅ አራተኛ በር ተነሥቶ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሁለተኛ በር ሄደ። በሆስፒታሉ አጻጻፍ አንደኛው 1.4 ነው፣ ሁለተኛው 3.2። ይህ ቁጥር ደግሞ በፕሮግራሙ ፋይሎች ውስጥ እዚህም እዚያም ተበትኖ ተጽፏል። ጋሼ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለውጠው ተባለ። ፋይሉን አንድ በአንድ እየከፈቱ ማረም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሱ ግን ፈልጎ የሚተካ መሣሪያ አለው።

በኋላ፣ ሁሉም ነገር ከፈረሰ በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፍኩ አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚሉት የፍለጋ ዘዴ አለ። ተራው ፍለጋ የጻፍሽለትን ቃል ብቻ ያገኛል፤ ይህ ግን የቃሉን መልክ ነው የሚፈልገው። "በቁጥር የሚጀምር፣ በነጠላ ሰረዝ የሚያልቅ" ብለሽ ብታዢው፣ ከአሥር ሺህ መስመር ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ለቅሞ ያመጣልሻል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ምልክቶች የራሳቸው ትርጉም ተሰጥቷቸዋል። ነጥብ፣ ለምሳሌ፣ ነጥብ ማለት አይደለም። "እዚህ ቦታ ላይ የፈለገው ምልክት ይሁን" ማለት ነው።

"ታዲያ ነጥብን ራሷን ስትፈልግስ?" አልኩት።

"ከፊቷ አንዲት የተጋደመች ጭረት ታደርጊያለሽ። ያኔ ነጥብ ነጥብ ብቻ ትሆናለች። ያቺን ጭረት ነው ያላደረግኳት።"

በፈልግ ሳጥኑ 1.4፣ በተካ ሳጥኑ 3.2 ብሎ ጻፈና ተጫነ። መሣሪያው ስልሳ አንድ ቦታ መተካቱን ነገረው። ክፍሉ ሊዛወር መሆኑን ሲሰማ ከሳምንት በፊት ቆጥሮት ስለነበር ሃምሳ ስምንት ቦታ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሦስቱ ትርፍ ከየት መጡ ብሎ አልጠየቀም። የተተካውን ዝርዝር ገልጦ ለማየት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃው ነበር። "ምናልባት ስቆጥር ዘልዬ ይሆናል" አለና ሥራውን ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ላከው። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሦስቱ ትርፎች የእትዬ የስልክ ዝርዝር በሚዘጋጅበት ፋይል ውስጥ ነበሩ። በወር አንድ ሐሙስ የሚመጣ የዓይን ግፊት ቀዶ ሐኪም አለ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በየሃያ ደቂቃው አንድ ሰው ያያል፤ 1:00፣ 1:20፣ 1:40፣ 2:00 እያለ። 1:40 ውስጥ አንድ አለ፣ አራት አለ፣ መሐላቸውም አንድ ምልክት አለ። ለመሣሪያው ያ ከ1.4 አይለይም። ስለዚህ 1:40 የነበረው 3.20 ሆነ። የሐኪሙ ነርስ የምትይዘው ዝርዝር ግን ከሌላ ፋይል ስለሚመጣ እንደነበረ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ደወሉለት።

"ልጄ፣ እንደምን አደርክ? ይቺ የነገዋ ሦስት ሰዓት ከሃያ ልክ ናት? ሐኪሙ በሦስት ሰዓት አይደል እንዴ የሚወጣው? ደግሞ የሌሎቹ ሰዓት መሐሉ ላይ ሁለት ነጥብ ነው ያለው፤ ይሄኛው አንድ ነጥብ ብቻ ነው።"

ጋሼ በዚያች ደቂቃ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። "እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ይንገሯቸው። እሱ እንደ እኛ አይደክመው፣ አይሳሳት" አላቸው።

"እሺ ልጄ" ብለው ዘጉ።

የ1:40ው ባለተራ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ በስድሳዎቹ መጨረሻ ያሉ ሰው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀኙም ግፊቱ እየጨመረ፣ በመድኃኒት አልመለስ ብሎ፣ ቀዶ ሕክምናው ተወስኖላቸው አራት ወር ወረፋ ጠብቀዋል። እትዬ ደውለው "በሦስት ሰዓት ከሃያ" አሏቸው። ሰውየውም እንደ ደንቡ ደገሙላቸው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ በልጃቸው ክንድ ተይዘው መጡ። ሐኪሙ እስከ ሁለት ሰዓት ሲያስጠራቸው ቆይቶ፣ ቀጣዩን ተረኛ ሠርቶ፣ ጨርሶ ሄዷል። ልጅቷ መቀበያው ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። እትዬ "ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ" አሉ። ነርሷ ዝርዝሯን ይዛ ወርዳ "1:40 ነው የሚለው" አለች።

ጋሼ በደረጃው ሲወርድ ነው ጫጫታውን የሰማው። "ሦስት ከሃያ" የምትለው ቃል ጆሮው ስትገባ ዞሮ ወደ ቢሮው ወጣ። ፋይሉን ከፈተ፤ ወዲያው አየው። ሦስቱን ቦታዎች ወደ 1:40 መልሶ ላከ። ይህን ሲነግረኝ እጁን እያየ ነበር። "መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው ያረምኩት። እውነቴን ነው። ግን መልሼ ስወርድ ሥራ አስኪያጁ በእትዬ ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ስክሪኑ ላይ 1:40 ይላል። እትዬ ዓይናቸውን ሲያሹ አየኋቸው። ያኔ መናገር ነበረብኝ።"

አልተናገረም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ እትዬን አስጠሩ፣ ጋሼንም ጨምረው። እትዬ ቀጥ ብለው ተቀምጠው "ሦስት ከሃያ ነበር የሚለው፣ ነጥቡም አንድ ነበር። ገርሞኝ ልጄን ጠይቄዋለሁ፤ ራሱ ይንገራችሁ" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሼ ዞሩ። "ጠይቀውህ ነበር?"

"በቀን ብዙ ሰው ይደውልልኛል" አለ ጋሼ። "አላስታውስም።"

እትዬ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። "እንግዲህ እኔ ነኛ የተሳሳትኩት" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ከቀጠሮ ወንበራቸው አንሥተው ምድር ቤት፣ ፋይል ክፍል አወረዷቸው። ሬዲዮ ጠጋኙ ሌላ ተራ ያገኙት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቀዶው ተሠራ፤ ነገር ግን ዓይናቸው እስከዚያ ብዙ ደክሞ ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ የሰው መልክ በቅርብ ያያሉ፣ ከዚያ ያነሰ ነገር አይታያቸውም።

እኔና እማዬ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። የምናየው ጋሼን ብቻ ነው። ከሥራ ይመጣል፣ እራቱን ይነካካና ይተወዋል፣ ማንም ሳይጠይቀው ሣህን ያጥባል። ያጠበውን ሣህን መልሶ ያጥባል። ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣል። እማዬ "ልጄ፣ ሆድህን ምን ነካው?" ስትለው "ሥራ በዝቶ ነው" ይላል። ሥራ ሲበዛበት እንደሚዘፍን ግን እኛ እናውቃለን።

ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው በመጨረሻ የነገረኝ። ዕለቱ እሑድ ነበር። የገፋፋው ዓርብ ዕለት ያየው ነገር ነው። ምድር ቤት ፋይል ሊጠይቅ ወርዶ እትዬን መነጽር አድርገው አገኛቸው።

"እትዬ፣ መነጽር ጀመሩ?" ብሏቸዋል፤ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

"ምን ላድርግ ልጄ" አሉት። "እዚሁ ሐኪም አየኝ፣ ዓይንሽ ጤነኛ ነው አለኝ። ግን አንዱን ሦስት አድርጌ ካነበብኩ ጤነኛ ነው ብዬ እንዴት ልመነው? ገበያ ወጥቼ ገዛሁ። ይከብደኛል፤ ራሴንም ያዞረኛል። ደግሞ ማታ ማታ የልጅ ልጄን ሳስጠና ያነበብኩትን እሷ ትድገምልኝ እላለሁ። ሰው በገዛ ዓይኑ ካልተማመነ ምን ይቀረዋል?"

ጋሼ ይህን ሲነግረኝ ያጣጠፍኩትን ሸሚዝ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት። በጣም ተቆጥቼው ነበር፤ ደግሞ አሳዘነኝ።

"ስህተቱን ስሠራ አላወቅኩም" አለ። "ስህተቱ አይደለም እንቅልፍ የነሣኝ። 'አላስታውስም' ያልኩት ነው። እያንዳንዱን ቃላቸውን አስታውስ ነበር።"

"ሄደህ ንገራቸው።"

"ከሥራ ብባረርስ? እማዬስ?"

እማዬ ከጓዳ ስትሰማ ኖሯል። በሩ ላይ ብቅ ብላ "እኔን ለዚህ ሰበብ አታድርገኝ" አለችው። ተመልሳ ገባች። ጋሼ እንደ ልጅነቱ አንገቱን ደፋ።

ኮድ የሚጽፉ ሰዎች የሚለውጡት ሁሉ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር ከምን ወደ ምን እንደለወጠ አንድም ሳይቀር ይቀመጣል። የሰኞው መተካትም፣ የሐሙሱ ማረምም ከነሰዓቱ በጋሼ ስም ተመዝግቦ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ይህን መዝገብ ማየት የሚችል ከእሱ ሌላ ማንም ስለሌለ ነው ያልተገኘበት። ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ገጾች አትሞ ለሥራ አስኪያጁ ወሰደ።

ሥራ አስኪያጁ አንብበው ወረቀቱን ገለበጡት። "ደብዳቤው ከወጣ ቆየ። ሴትዮዋም ቦታውን ለምደውታል፤ የበሽተኛው ቤተሰብም ዝም ብሏል። የተዳፈነ እሳት አሁን ምን ያስቆሰቁስሃል?"

"እሳቱ እኔ ላይ ሳይሆን እሳቸው ላይ ነው የተዳፈነው" አለ ጋሼ። "እርስዎ ባይነግሯቸውም እኔ አሁን ወርጄ እነግራቸዋለሁ።"

ወረደ። እትዬ መሰላል ላይ ሆነው ካርድ እየመለሱ ነበር። እስኪወርዱ ጠበቃቸውና ቆሞ ነገራቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ወረቀቱንም ሰጣቸው። በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ 1:40 ከሚለው ወደ 3.20 ሲሄዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

"አንድ ነጥብ" አሉ። "አንድ ነጥብ ነበር ብያለሁ።"

"አዎ፣ ብለዋል።"

"ዓይኔ ደህና ነበር ማለት ነው?"

"ደህና ነበር፣ እትዬ።"

መነጽሩን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ጋሼ የሚያለቅሱ መስሎት ተጠጋ። እሳቸው ግን እጃቸውን ሲያነሡ ፊታቸው ደረቅ ነበር።

"ቢሮ ውስጥ የጠየቁህ ቀን፣ እኔ መደወሌን ታስታውስ ነበር?"

"አስታውስ ነበር።"

"እያስታወስክ ነው እንግዲህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ፊቴ የተቀመጥከው" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "ይሂዱ እንግዲህ፣ ሥራ አለብኝ" አሉት።

ይሂዱ አሉት። አንተ ማለታቸውን ትተው። ጋሼ ስድብም ጥፊም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር የወረደው፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ያን ቀን ቤት መጥቶ ደጋግሞ የነገረን ይህንን ብቻ ነው። "እርስዎ አሉኝ፣ እማዬ። እርስዎ።"

የእትዬ ደብዳቤ ተነሣላቸው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ወረቀቱ በእትዬ እጅ ከገባ በኋላ ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም። ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ጋሼ ከኃላፊነቱ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የቀጠሮውን ፕሮግራም ሲነካ ለውጡን ለእትዬ አሳይቶ ሳያስፈርም እንዳይልክ ተወሰነ። እትዬ መስመሩን አንድ በአንድ ያያሉ። ሁለት ጊዜ መልሰውበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበሩ። አሁንም እርስዎ ነው የሚሉት።

ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ለመሄድ ግን ሌላ አንድ ወር ፈጀበት። ከመሄዱ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ጠይቋል፤ ሁለት ወር ባይዘገይ ዓይናቸው ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ። ሐኪሙ "ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልህም፤ አይተርፍም ነበር ብዬም አልምልልህም" አለው። ጋሼ ከሁለቱ አንዱን ቢሰማ ይመርጥ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አብሬው ሄድኩ። ሱቁ በሁለት ሕንፃዎች መሐል የተሸጎጠ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተፈታታ ሬዲዮ የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው። ልጃቸው ማን እንደሆንን ስትሰማ በሩ ላይ ቆመች። "ምን ልታደርጉ መጣችሁ? አባዬ እንደሆነ ይቅር ይላል፤ እሱ ሁሉንም ይቅር ይላል። እኔ ግን አልልም" አለች። ጋሼ "ልክ ነሽ" አላት። ልንመለስ ስንል ከውስጥ "ማነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

ገባን። ጋሼ ተናገረ። ሽማግሌው በጣታቸው አንድ የሬዲዮ ሆድ እየዳሰሱ አዳመጡ።

"ስለ አንዲት ነጥብ?" አሉ ሲጨርስ።

"አዎ፣ አባባ። ከዚያ ደግሞ ዝም ስላልኩ።"

"እኔም አንድ ጊዜ የሰው ቴሌቪዥን አቃጥዬ፣ መብራቱ ነው ብያለሁ" አሉ። "ሴትየዋ እስክትሞት አልነገርኳትም። አንተ ይሻላል ልልህ አይደለም፤ ዓይን ቴሌቪዥን አይደለም። ግን ሰው እንዴት ዝም እንደሚል አውቃለሁ።" ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ከተበተኑት ቁርጥራጮች አንዷን አነሡ። "ይቺ ላይ ያሉት፣ ልኳን የሚናገሩት መስመሮች ቀለማቸው ምንድነው? ልጄ ቀዩንና ቡናማውን ታምታታብኛለች።"

ጋሼ ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞራት። ሊመልስ አፉን ከፈተና ዘጋው። መልሶ አዞራት። ሽማግሌው ጠበቁት። በሕይወቴ ሙሉ ወንድሜ ለአንድ ጥያቄ ያን ያህል ጊዜ ሲወስድ አይቼው አላውቅም።

"ቡናማ" አለ በመጨረሻ። "ጥቁር። ብርቱካን።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እንደገና ልየው" አለ።

አሁን በየቅዳሜው ይሄዳል። ልጅቷ በሩን ትከፍትለታለች፤ አታነጋግረውም። አንድ ቀን ቀለል ብሎህ ይሆን ብዬ ጠይቄው ነበር። "እዚያ ቁጭ ብዬ ቀለም ስነግራቸው፣ ራሳቸው ያዩት የነበረውን ነው የምነግራቸው" አለኝና ጫማውን ማሰር ጀመረ።